ውሃ የሚያቁረው ጥግ

አይሪስን መጀመሪያ ያየሁት አበባ ሆኖ አይደለም። ኤክሴል ላይ ነው። 150 መስመር ቁጥር።

ማሽን ለርኒንግ የተማረ ሰው አሁን ፈገግ ብሏል። ትምህርቱ አዲስ አበባም ይሰጥ ሌላ አገር፣ ከመጀመሪያዎቹ የቤት ሥራዎች አንዱ ይሄ ነው። ሦስት ዓይነት አይሪስ፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት 50 አበባ፣ ከእያንዳንዱ አበባ አራት ልኬት። የሴፓሉ ርዝመትና ስፋት፣ የፔታሉ ርዝመትና ስፋት። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ይሄ ሴቶሳ ነው፣ ይሄ ቨርሲከለር፣ ይሄ ቨርጂኒካ» ብሎ እንዲለይ ማድረግ ነው። እኛም አደረግን፣ ማርካችንን አገኘን፣ አለፍን። ክፍል ውስጥ ከነበርነው መካከል አይሪስ በዓይኑ ያየ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ለእኛ ፔታል ማለት ሦስተኛውና አራተኛው ዓምድ ነበር።

ዓመታት አልፈው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ ጓሮ ያለው ቤት ገባን። ጓሮ ስላችሁ ብዙ እንዳታስቡ። ከቤቱ ጀርባ ያለው መሬት ወደ አንድ ጥግ ያዘነብላል። የጣሪያው አሸንዳም ውሃውን የሚያወርደው እዚያው ነው። አፈሩ ቀላ ያለ ሸክላ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲዘንብበት ጫማ ይነጥቃል። ዝናብ ከጣለ ውሃው ቶሎ አይሰርግም፣ ያቁራል። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች እዚያ ጥግ ላይ ጽጌረዳ ሞክረው እንደነበር የደረቀው ጉቶ ይመሰክራል።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ እናት ናቸው። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ጥጉን ሲያዩ ቆዩና «ይሄማ የአይሪስ ቦታ ነው» አሉኝ። እኔ ኤክሴሉ ትዝ አለኝ፣ እሳቸው ግን ገብተው በፕላስቲክ ከረጢት፣ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ሥር ይዘውልኝ መጡ። ሳይቤሪያን አይሪስ ነው አሉኝ። «ጺም የሌለው ነው። ባለ ጺሙን እዚህ ብትተክለው ይበሰብስብሃል።»

እማዬ ያኔ ለልጃችን ክርስትና መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ከረጢቱን ከፍታ አየችው፣ አገላበጠችው።

«ይበላል?»

አይበላም አልኳት።

«ሥሩስ? መድኃኒት ነው?»

እሱም አይደለም፣ እንዲያውም ከብት ቢበላው ሆዱን ያመዋል አልኳት። ዝም አለች። ቆየት ብላ ግን «እና ይሄ መሬት ጎመን አያወጣም?» አለች። በጎመኑ ጉዳይ እስካሁን አልተስማማንም።

ጺም የሚባለው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የአይሪስ አበባ ስድስት ቅጠል አለው። ሦስቱ ወደ ላይ ይቆማሉ፣ ሦስቱ ወደ ታች ይዘነበላሉ። የቆሙት እነዚያ ፔታል ስንላቸው የነበሩት ናቸው፣ የተዘነበሉት ሴፓሎቹ። በየአሜሪካኑ ቤት ደጅ የሚታየው ትልልቁ አይሪስ በተዘነበሉት ቅጠሎች መሐል ላይ ለስላሳ ጸጉር በመስመር በቅሎበታል። ጺሙ እሱ ነው። ጺም አልባዎቹ እዚያ ቦታ ላይ ቢጫ ወይም ነጭ ምልክት ብቻ ነው ያላቸው። ንቧን ወደ ውስጥ የሚመራት ያ ምልክት ነው።

ልዩነቱ ግን የመልክ ብቻ ቢሆን ጎረቤቴም ባላስጠነቀቁኝ። ባለ ጺሙ ደረቅ ቦታ የለመደ ነው። እንደ ዝንጅብል አግድም የሚተኛ ወፍራም ግንድ አለው፤ ሲተከል ጀርባው ፀሐይ እንዲያገኘው ከአፈር ብቅ ተደርጎ ይተዋል። ከጺም አልባዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ያደጉት እርጥብ ሜዳ ላይ ወይም ረግረግ ዳር ነው። ግንዳቸው ቀጠን ያለ ነው፣ መቀበር ይፈልጋል።

ብዙዎቹ አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም። ጺም የለሽ የሚለው ስም ብዙ የማይገናኙ ዘመዳሞችን አንድ ቤት ያጎረ ስም ነው። ሳይቤሪያኑ እርጥበት ይወዳል፣ ውሃ ውስጥ መቆም ግን አይወድም። የጃፓኑ እስኪያብብ ድረስ ውሃ ጠጥቶ አይጠግብም፣ ክረምት ላይ ግን አንገቱ እርጥብ ሆኖ መክረም አይፈልግም። (ወቅቶቹን የምጠራው በአሜሪካኑ ነው፤ ክረምት ስል ብርዱን፣ በጋ ስል ሙቀቱን ነው።) የሉዊዚያናው ኩሬ ውስጥ ብታስቀምጡትም ደስታው ነው። ስፑሪያ የሚባለው ደግሞ ተቃራኒያቸው ነው፤ በጋውን ደረቅ ካላደረጋችሁለት ያኮርፋል፣ ከተተከለበት ሲነሳም አይወድም። ካሊፎርኒያ አካባቢ የሚወዱት ለዚህ ነው። እዚያው ዌስት ኮስት የሚበቅሉ አጫጭር ደቃቅ አይሪሶችም አሉ፣ ቆንጆዎች ናቸው፣ የእኛ የሜሪላንድ ሙቀትና ወበቅ ግን ይጨርሳቸዋል። እነሱን እርሷቸው።

ሰው አበባ የሚመርጠው ከፎቶ ነው። ካታሎጉ ላይ ወይን ጠጁን፣ ቢጫውን፣ ዳንቴል የመሰለውን ያይና ያዛል። ከዚያ መሬቱን ከአበባው ጋር ለማስማማት ይለፋል፤ አሸዋ ይጭናል፣ ኖራ ይበትናል፣ ቦይ ይቆፍራል። እኔ በዚህ አበባ የተማርኩት ነገር ቢኖር ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ መሬቱን እዩ። ዝናብ ሲጥል ጃኬታችሁን ለብሳችሁ ውጡና ውሃው የት እንደሚሄድ ተመልከቱ። አበባው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የሳይቤሪያኑን የተከልኩት እንቁጣጣሽ አካባቢ ነው። ሙቀቱ በረድ ብሏል፣ መሬቱ ግን ገና አልቀዘቀዘም። ሥሩ በረዶው ሳይመጣ ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። ጉድጓዱን ሰፋ አድርጎ መቆፈር፣ መሐሉ ላይ ትንሽ የአፈር ጉብታ መሥራት፣ ሥሮቹን በጉብታው ዙሪያ ወደ ታች መበተን፣ ግንዱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አፈር እንዲለብስ አድርጎ መመለስ፣ በእግር ጠበቅ ማድረግ። ቦታው በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካገኘ ጥሩ ነው። ከዚያ ውሃ። ሥሩ ከመሬት ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ አዲሱን ቦታ እስኪይዝ ድረስ መድረቅ የለበትም። ባለ ጺሙን ካርቶን ውስጥ ለሳምንታት ብትረሱት ምንም አይሆንም፤ ይሄኛው ግን አይችልም። ጎረቤቴ በእርጥብ ጋዜጣ የጠቀለሉት ወደው አይደለም።

በመጀመሪያው ፀደይ ቅጠል ብቻ ነው የምታዩት። በሁለተኛው አንድ ሁለት አበባ ይመጣል። ሙሉ የሚሆነው በሦስተኛው ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው በተዘራበት ዓመት የሚያብበውን ዚኒያ ይዝራ።

የእኔ ሲያብብ የታወቀው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሲዘርስ ብራዘር ይባላል። ክሊቭላንድ ሞርጋን የተባለ ካናዳዊ ነው ያወጣው፣ በ1932። ዘጠና ዓመት ያለፈው አበባ አሁንም በየሱቁ ይሸጣል። ድምቅ ያለ ወይን ጠጅ ነው። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ወጥቼ ቁጢጥ ብዬ አየዋለሁ። እምቡጡ መጀመሪያ ጥምዝ ነው፣ ጫፉ ሊጠቁር ምንም አይቀረውም። ሲፈታ ሦስቱ ቅጠሎች ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፣ ሥራቸው ላይ ነጭ ይታያል፣ በነጩ ላይ ቀጫጭን ወይን ጠጅ መስመሮች እየተሻገሩ ወደ ጉሮሮው ይገባሉ። ከላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ከመሐል የሚነሱ ሦስት ጠባብ ክንዶች በተዘነበሉት ቅጠሎች ላይ ጣሪያ ሆነው ይተኛሉ። ንቧ በጣሪያውና በወለሉ መካከል ተጣብቃ ነው የምትገባው። ጀርባዋ ብናኝ ለብሶ ትወጣለች። ሦስት ክንድ፣ ሦስት በር። ኤክሴሉ ላይ ስለዚህ ጣሪያ ምንም አልነበረም።

ሌላም ጥሩ ነገር አለው። አጋዘን አይበላውም። እዚህ ሜሪላንድ አጋዘን ማለት ጓሮ ውስጥ የሚገባ ከብት ነው፤ የጎረቤቴን ሆስታ ሙልጭ አድርጎ ሲጨርስ አይሪሱን አልፎት ይሄዳል። የሚያሰጋው ትል ነው። አይሪስ ቦረር ይሉታል፣ በቅጠሉ ገብቶ ወደ ግንዱ ይወርዳል። ጺም አልባዎቹን የባለ ጺሞቹን ያህል አያጠቃም፣ ግን አይምርም። እንቁላሉ የሚከርመው በደረቀው ቅጠል ላይ ስለሆነ በመኸር መጨረሻ ቅጠሉን ከሥሩ አጭዶ ከግቢ ማውጣት ነው። ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሩት።

ዓመታት ሲያልፉ ዘለላው ይሰፋና መሐሉ ይራቆታል። አበባው ይቀንሳል። ያኔ ነው መክፈል የሚያስፈልገው። የሳይቤሪያን አይሪስ መክፈል የጉልበት ሥራ ነው። አካፋ አይበግረውም። ዙሪያውን ቆፍሬ፣ በዲጂኖ ፈንቅዬ፣ ሣሩ ላይ አጋድሜ፣ በጥርሳም የዳቦ ቢላ ነው የምቆርጠው። ባለቤቴ ያንን ቢላ ወጥ ቤት እንዳይመለስ አግዳዋለች። ከሦስትና ከአራት ቡቃያ ያነሰ ቁራጭ አታድርጉ፤ ትንሹ ይኖራል፣ ግን ለማበብ ዕድሜያችሁን ይበላል።

የጃፓኑ ሌላ ጣጣ አለው። ስለሱ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ የተዳቀለ አይሪስ ታሪክ የሚጣፍጠው እዚያ ነው። ጃፓኖች ኢሪስ ኤንሳታን፣ የጃፓን አይሪስ የምንለውን፣ የሚያዳቅሉት ከሌላ ዝርያ ጋር አልነበረም። ከዚያው ከሜዳው አይሪስ ውስጥ ለየት ያለውን እየመረጡ፣ እርስ በርሱ እያዳቀሉ፣ ትውልድ በትውልድ ነው የሠሩት። በኤዶ ዘመን፣ ቶኪዮ ገና ኤዶ ስትባል፣ ማትሱዳይራ ሳዳቶሞ የሚባል መኮንን ነበረ፣ ሾኦ በሚለው ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። ከ1773 እስከ 1856 የኖረ ሰው ነው፤ ከዚህ ውስጥ ስልሳ ዓመት ያህሉን አይሪስ ሲያዳቅል አሳለፈ። በቶኪዮ የተዳቀሉት ኤዶ አይሪሶች ሰው በመስኩ እየተራመደ ከላይ እንዲያያቸው ታስበው የተመረጡ ናቸው። በደቡብ፣ በኩማሞቶ፣ ሂጎ የተባሉት ደግሞ በማሰሮ አድገው ሲያብቡ ቤት ውስጥ ገብተው፣ ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊት የሚያያቸው ናቸው። ቶኪዮ ውስጥ ሜይጂ መቅደስ የውስጥ አትክልት ስፍራ እስከ ዛሬ ድረስ ሰኔ ላይ የሚያብብ የአይሪስ መስክ አለ፤ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ለባለቤታቸው ያስተከሉት ነው ይባላል።

አበባው ሲከፈት የእጅ መዳፍ ያክላል፣ አንዳንዱ ይበልጣል። ወደ ላይ የሚቆሙ ቅጠሎች ያልኳችሁ በአንዳንዶቹ ላይ ጠፍተዋል፤ ስድስቱም ወደ ጎን ተዘርግተዋል። ነፋስ አይወድም። የጁን ዶፍ ከመጣ በአንድ ከሰዓት አለቀ።

ጣጣው አፈሩ ነው። አሲዳማ አፈር ይፈልጋል፣ ኖራ የሚባል ነገር አጠገቡ እንዳይደርስ። የአጥንት ዱቄት ማዳበሪያም አይስማማውም። በሌላ በኩል ሆዳም ነው፤ ፍግና ኮምፖስት ቢጫንለት አይጠግብም። የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ በየዓመቱ አዲሱ ሥር የሚወጣው ከአሮጌው ሥር በላይ ነው። ተክሉ ራሱን ወደ ላይ እየገፋ ይሄዳል። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ አንገቱ ከአፈር ወጥቶ ታገኙታላችሁ፣ አዲሱ ሥር አፈር አጥቶ ይደርቃል፣ ተክሉ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በሦስት በአራት ዓመት አንዴ አውጥቶ፣ የታችኛውን አሮጌ ሥር ቆርጦ ጥሎ፣ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ጠለቅ አድርጎ፣ ሌላ ቦታ መትከል ነው። ሌላ ቦታ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የጃፓን አይሪስ በኖረበት አፈር ላይ ወዲያው ሌላ የጃፓን አይሪስ ብትተክሉ አያምርበትም። እኔ ጎመን የማዞረው በዚህ ሰበብ ነው፤ አይሪሱ ሲነሳ ጎመኑ ይገባል። እማዬ በስልክ ስነግራት «አልኩህ አይደል» አለች።

ማዳቀል ስል የጃፓኑ ዓይነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሌላ ሰው አለ፣ በጣም የምወደው። ከሪየር ማክዊን ይባላል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ዲን የነበረ የሪህ ሐኪም ነው። አይሪስ ማዳቀል የጀመረው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ጡረታ ሲወጣ ሜይን ውስጥ ባሕር ዳር ገባና ሥራዬ ብሎ ያዘው። 101 ዓመት ኖሮ በ2003 አረፈ።

ሳይቤሪያን አይሪስ በተፈጥሮው 28 ክሮሞዞም፣ በሴሉ ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከም ክር፣ ነው ያለው። ማክዊን ችግኞቹን ኮልቺሲን በሚባል ነገር ነከራቸው። ኮልቺሲን የሴል ክፍፍልን መሐል ላይ ያስቆማል፤ ክሮሞዞሙ እጥፍ ሆኖ ሁለት ሴል መሆን ሲገባው አንድ ሆኖ ይቀራል። 28ቱ 56 ይሆናል። ከነከራቸው አብዛኞቹ ይሞታሉ፣ የተረፉት ውስጥ ጥቂቶቹ ወፈር ያለ ቅጠልና ሰፋ ያለ አበባ ይዘው ይወጣሉ። እንግዲህ ኮልቺሲን ምንድን ነው ካላችሁ የሪህ መድኃኒት ነው። አባቴም ትልቁ የእግር ጣቱ ሲነሳበት የሚውጠው እሱን ነው። የሪህ ሐኪሙ ዕድሜ ልኩን ለሕመምተኛ ሲያዝ የኖረውን ወስዶ ለአበባ አዘዘው። አሁን ገበያ ላይ ያሉት ትልልቅ ሳይቤሪያኖች ብዙዎቹ የእነዚያ ዘሮች ናቸው። ከእጁ ከወጡት ውስጥ በብዛት የተተከለው ግን ክሮሞዞሙ ያልተነካ ነው፤ በተር ኤንድ ሹገር የሚባለው፣ ከላይ ነጭ ከታች ቢጫ፣ በ1970ዎቹ የወጣ። እኔም አለኝ።

ወደ ኤክሴሉ ልመለስ፤ ሳልመለስ ብቀር ያንገበግበኛል።

ያ መረጃ በተለምዶ የሚጠራው በእንግሊዛዊው ስታቲስቲሺያን በሮናልድ ፊሸር ነው፣ 1936። አበቦቹን የለካው ግን ኤድጋር አንደርሰን የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ሴቶሳውንና ቨርሲከለሩን የሰበሰበው ካናዳ ውስጥ፣ ኩቤክ፣ ጋስፔ ልሳነ ምድር ላይ ነው። ሦስቱም ጺም አልባ አይሪሶች ናቸው። አንደርሰን ያንን ሁሉ አበባ የለካው ተማሪ እንዲፈተንበት አይደለም። አንድ ጥያቄ ነበረው፦ ቨርሲከለር ከየት መጣ?

መልሱን ክሮሞዞም ሲቆጥሩ ነው ያገኙት። ሴቶሳ 38 አለው። ቨርጂኒካ 70 አካባቢ። ቨርሲከለር 108። ደምሩት።

ቨርሲከለር የሁለቱ ድቅል ነው። ማንም ሰው ሳይነካው፣ ድሮ በሆነ ጊዜ ሁለቱ ተዳቅለው የሁለቱንም ክሮሞዞም ሙሉውን የያዘ፣ ራሱን ችሎ የሚራባ ዝርያ ወጣ። ከቨርጂኒካ የወሰደው ከሴቶሳ ከወሰደው በእጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ መልኩ ከሴቶሳ ተነስቶ ወደ ቨርጂኒካ ከሚወስደው መንገድ ሁለት ሦስተኛው ላይ መውደቅ ነበረበት። ፊሸርም ይህን ግምት በቁጥር ሊፈትን ሞክሯል። እኔም ላፕቶፔን ከፍቼ አማካዩን አወጣሁ። የፔታል ርዝመት፣ ሴቶሳ 1.46 ሳንቲ ሜትር፣ ቨርጂኒካ 5.55፣ ቨርሲከለር 4.26። ከ1.46 እስከ 5.55 ያለውን መንገድ ብትለኩት 4.26 የሚወድቀው ሁለት ሦስተኛው አካባቢ ነው። ተማሪ እያለን ይሄ ቁጥር ፊታችን ነበር። ሁለቱን ለመለየት የሚያስቸግረን፣ ቨርሲከለርና ቨርጂኒካ የሚደባለቁብን፣ ለካ እናትና ልጅ ሆነው ነው።

ሌላም አለ። የፊሸር ጽሑፍ የወጣው የሰውን «ዘር ማሻሻል» የሚሰብኩ ሰዎች መጽሔት ላይ ነው፤ ስሙም ይኸው ነበር። በዚህም የተነሳ ዛሬ ብዙ አስተማሪዎች አይሪሱን ትተው በፔንግዊን ልኬት ያስተምራሉ። ገባኝ። ግን እዚያ መጽሔት ላይ ከወጣው ሁሉ ዓለም ያወቀው አበባ ድቅል መሆኑ ደስ ይለኛል።

አንደርሰን በዚህ አላቆመም። ወደ ደቡብ ሄዶ የሉዊዚያናን አይሪስ ያዘ። እዚያ በ1920ዎቹ ጆን ስሞል የተባለ የኒውዮርክ ዕፅዋት ተመራማሪ ኒው ኦርሊንስ አካባቢ ያለውን ረግረግ ሲያይ ቀለሙ አሳበደው፤ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ የመዳብ ቀለም። በደርዘን የሚቆጠሩ አዳዲስ ዝርያዎች ብሎ ስም አወጣላቸው። በ1935 ፐርሲ ቪዮስካ የተባለ የአካባቢው ሰው ነገሩን አጠራው፦ ዝርያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ የቀረው የእነሱ ድቅል ነው።

አንደርሰን በጻፈው ላይ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ነገር አለ። ሁለት ወላጆች ነበሩ። አንዱ ፉልቫ፣ የመዳብ ቀለም ያለው፣ ከፍ ባለው የወንዝ ዳር፣ ጥላ ሥር የሚኖር፣ ሃሚንግበርድ የምትባል ትንሽ ወፍ የምትጎበኘው። ሌላው ትልቁ ሰማያዊ፣ ጭቃው ውስጥ ፀሐይ ላይ የሚቆም፣ ባምብልቢ የሚባል ትልቅ ንብ የሚወደው። ጎረቤታሞች ናቸው፣ አልፎ አልፎ ይዳቀላሉ። ልጆቻቸው ግን ጥላውም ጭቃውም አይመቻቸውም። ታዲያ ድቅሎቹ በብዛት የተገኙት የት ነው? ፈረንሣዮቹ ሰፋሪዎች መሬቱን ከወንዙ ጀምረው ረዣዥም ጠባብ ቁራጭ አድርገው ነበር የተካፈሉት። አንዱ ገበሬ ዛፉን መንጥሮ፣ ቦይ ቆፍሮ፣ ከብት አሰማርቶበታል። ድቅሎቹ እዚያ ፈልተዋል። አጥሩ ጋ ሲደርስ ያቆማል። አፈሩ ያው፣ ውሃው ያው፣ አጥር ብቻ ነው ያለው። በአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት መሬቱን በሌላ መንገድ ይዞታል።

ድቅሉ ችግሩ መወለድ አልነበረም። ችግሩ የሚቆምበት ማጣት ነበር። ጥላም ጭቃም ያልሆነ፣ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ያለው፣ የተረበሸ መሬት ሲያገኝ ወላጆቹን በለጠ።

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ስለ ድቅል አበባ ሲጽፍ አሁን ወዴት ሊታጠፍ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አልታጠፍም። ልጄ አበባ አይደለችም። እኔን የያዘኝ አጥሩ ነው። የእኔ ጥግ ሜዳም አይደለም ረግረግም አይደለም፤ የመኖሪያ ቤት ሠሪ አፈሩን አገላብጦ፣ አሸንዳ ያወረደበት፣ በጋ የሚሰነጠቅ በክረምት የሚያቁር ቅልቅል ነው። እዚህ አገር ተፈጥሮ ያላወጣችው ቦታ ነው። ንጹሕ ዝርያ ከየትም ብታመጡ «አገሬ አይደለም» ይላል። ድቅሎቹ ግን ሲመቻቸው አየሁ። የሉዊዚያናዎቹ ድቅሎች፣ እነዚያ ከደቡብ የመጡት፣ የአሸንዳው አፍ ሥር ገብተው በረዶውን ሁሉ ችለው ግንቦት መጨረሻ ላይ አበቡ። ያደረግኩላቸው ነገር ቅጠል መጫን ብቻ ነው፤ ግንዳቸው ለፀሐይ ከተጋለጠ ይቃጠላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ቢጫውን የአውሮፓ አይሪስ፣ ፕሱዳኮረስ የሚባለውን፣ ማንም በነጻ ቢሰጣችሁ እንዳትቀበሉ። እዚህ አገር በብዙ ቦታ ወንዝ ዳሩን ሁሉ ወርሮ የአገሩን አይሪስ እያስለቀቀ ነው። ቢጫ ካማራችሁ ከጃፓኑ ጋር ያዳቀሉት አለ። ጃፓኖቹ ለዘመናት ቢጫ አልወጣ ብሏቸው ነበር፣ ከዚያ ከወራሪው ጋር አዳቀሉትና አገኙት። ድቅሉ ብዙ ጊዜ መካን ነው፣ ዘር ጥሎ አይሸሽም። ፀደይ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ ግን የታመመ እንዳይመስላችሁ፤ ጠባዩ ነው።

በቅርቡ እኔም ማዳቀል ጀምሬያለሁ። ለማለት ያህል ነው እንጂ ማክዊን አይደለሁም። የሚያስፈልገው ወረንጦ፣ ክርና ወረቀት ነው። ጠዋት ማለዳ፣ ንቦቹ ሳይቀድሙኝ፣ ገና ሊከፈት ያለውን እምቡጥ እከፍታለሁ። የተዘነበሉትን ቅጠሎች ቆርጬ እጥላለሁ፤ ማረፊያ ከሌላት ንቧ አትመጣም። ከዚያ ያ ጣሪያ ያልኳችሁ ክንድ ሥር የራሱን ብናኝ የተሸከመውን ዘንግ ነቅዬ አወጣለሁ። የሌላኛውን ዘንግ በወረንጦ ይዤ እመጣለሁ። ከክንዱ በታች፣ ጫፉ አካባቢ፣ ከጥፍር የጠበበች ከንፈር አለች። በወረንጦው ጫፍ ወደ ታች ስትነካ ትንሽ ትከፈታለች፣ ውስጧ ያብለጨልጫል። ብናኙን እዚያ ላይ ማሸት ነው። ሌላ ቦታ ብታሹት ምንም ዋጋ የለውም። ከዚያ ክሩን አስሮ የእናትና የአባቱን ስም በእርሳስ መጻፍ። በእስክሪብቶ ከጻፋችሁት ፀሐይ ያጠፋዋል።

ከያዘ ቋቱ አረንጓዴ ሆኖ ያብጣል። የበጋው መጨረሻ ላይ ቡናማ ሆኖ ጫፉ ሊሰነጠቅ ሲል እለቅመዋለሁ። ዘሩ ብርድ ካልመታው አይበቅልም፤ በመኸር ማሰሮ ላይ ዘርቼ በረዶ ላይ አስከርመዋለሁ። የሚያብበው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው።

አዳቃዮቹ አብዛኛውን ይጥላሉ። ከመቶ ችግኝ አንድ ቢያስቀሩ ብዙ ነው። የሚመዘግበው የአሜሪካ አይሪስ ማኅበር ነው፣ ከ1920 ጀምሮ ያለ፤ ስም የሚገባው ካለው የተለየ ሲሆን ነው። እኔ መጣሉን አልቻልኩበትም። የእኔዎቹ ደብዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ናቸው፣ ከሲዘርስ ብራዘር የሚለያቸው እኔ ስለማውቃቸው ብቻ ነው። አንዷ ግን የቅጠሏ ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር አላት፣ ስሟን እማዬ ታውጣላት ብያለሁ። እስካሁን «ጎመን» ነው ያለችኝ።

ዘንድሮ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሳይቤሪያኑን እከፍላለሁ። ትርፍ ይኖረኛል። ውሃ የሚያቁር ጥግ ያላችሁ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰዎች እርጥብ ጋዜጣና ከረጢት ይዛችሁ ኑ። ባለ ጺም የምትፈልጉ ካላችሁ እኔ ጋ የለም፣ ደረቅ ጉብታ ያለው ሰው ፈልጉ።